ውርድወት የከፈተችው በር

ሁለት ወጣቶች ተፋቅረው መጨረሻቸው ሲከፋ፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ለቅሶ ቤት የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ችኩል ሆኑ እንጂ፣ ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ!» ይህን በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። የምንወቅሳቸው ልጆች የነበራቸው ጊዜ ጥቂት ነው። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ጊዜ ተሰጥቶን አባከንነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የተባለች የጉራጌ ሴት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ተሟግታለች። የጆካ ማለት የሰባት ቤት ጉራጌ ትልቁ ዳኝነት፣ የቂጫው ሕግ የሚወጣበትና የሚጸናበት ጉባኤ ነው። ጥያቄዋ ግልጽ ነበር፤ ሴት የወደደችውን ታግባ፣ ያልተስማማትን ትፍታ፣ ወንዱም በላይዋ ሌላ አይደርብባት። በዘመኑ ሴት ከባሏ ቤት ወጥታ ብትሄድ እንኳ አንቂት በሚባል ልማድ ታስራ ትቀር ነበር። እሱ ካልፈታት ሌላ ባል አይወስዳትም፤ ብታገባም መዘዙ ለልጆቿ ይተርፋል ተብሎ ይፈራል። ይህን ሁሉ ፈርታ ዝም ማለት ስትችል ሴቶችን አስተባብራ ሸንጎ ወጣች።

ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር ለመድረክ ሲበቃ ብዙ ጭብጨባ አግኝቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከጭብጨባው በኋላ ያለው ነው። አንቂት ከውርድወት በኋላም ትውልድ ተሻግሯል። ልጅን ሳያማክሩ መዳርም እንዲሁ። በሩን አንዲት ሴት ከፍታልን ነበር፤ በመግባት ፈንታ በሩ ላይ ቆመን ጀግንነቷን አወደስን።

ስለ ችኩልነት ሲነሣ ምሳሌ የሚሆኑት ሁልጊዜ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ያመጧቸው ሮሜዎና ዡልየት ናቸው። ተዋውቀው እስኪሞቱ ሳምንት አልሞላም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሠርጉን ያጣደፈው ማን ነው? የዡልየት አባት ልጁን ፓሪስ ለተባለ ሰው ሊድር በሰኞ ሌሊት ቆርጦ ለሐሙስ ቀጠረ፤ ያም አልበቃ ብሎት ወደ ረቡዕ አመጣው። ሠርጉ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ለሮሜዎ የተላከው መልእክት ይደርስ እንደሆነ ማን ያውቃል። ያን አባት ችኩል ብሎ ሲወቅስ የሰማሁት ሰው የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድም ላይ እንዲሁ ነው። በዛብህን እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስላዋለች፤ የሚወዳትን ሰብለን አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ቆጠራ ዘግተውባታል። ሁለቱ ሳይተያዩ በፊት ዕጣቸው ተቆርጦ አልቋል። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቹ ትዕግሥት ማውራት ምን ይረባል?

የእኛው ቤት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የጉራጌን ጎጆ መሐል ገብታችሁ ምሰሶውን ተመልከቱ። ያን ግንድ መርጦ የሚያቆመው፣ እንጨቱን የሚጠርበው ባለሙያ ነበር። ቤቱ በእጁ ቆሟል፤ ምሰሶው ያለ እሱ አይተከልም። ሰውየው ግን «ፉጋ» ተብሎ ይናቅ ነበር፤ መሬት አይሰጠውም፣ ከገበሬው ጋር አይጋባም ነበር። ልጁ በዚያ ምሰሶ ሥር ያደገችውን ልጅ ቢወድ ሽማግሌ ይዞ የሚሄድበት ደጅ አልነበረውም። ሌሊት ይዟት ከመጥፋት በቀር ምን መንገድ ተውንለት? ከጠፉ በኋላ ደግሞ «ሳይማከሩ» እንላለን።

ልጆቹ አይሳሳቱም እያልሁ አይደለም። ለአንድ አክስት እንኳ ሳይነግሩ የሚወጡ፣ በቁጣ ነፍሳቸው ላይ የሚጨክኑ አሉ። ነገር ግን አጣዳፊው የተዘጋው በር ነው።

ቁጭቱን የሚያከፋው የማስታረቅ ሥርዓት አለማጣታችን ነው። ሽማግሌዎቻችን ገዳይን ከሟች ወገን ጋር አስቀምጠው ደም ያደርቃሉ። የጆካ አለ፣ የክስታኔ ጎርደና አለ፣ መስቃንም ሴራ የሚባል የራሱ ባህላዊ ሥርዓት አለው። ነፍስ የጠፋበትን ጉዳይ ወራት ወስደው በትዕግሥት የሚፈቱ አባቶች፣ ነፍስ ሳይጠፋ አንድ ቀን ለሁለት ወጣቶች ቢቀመጡ ምን ነበረበት? የምንከለክለው ጋብቻ ለሰላማችንም ያስፈልገን ነበር፤ በ2010 ሰኔ ወልቂጤ ላይ ጉራጌና ቀቤና ሲጋጩ፣ በ2011 መግቢያ ደግሞ በቡታጅራ ዙሪያ መስቃንና ማረቆ ደም ሲቃቡ፣ በሁለቱም ወገን የተጋቡ፣ የተዋለዱ ቤተሰቦች መሐል ቆመው ነበር። ጋብቻ ድልድይ መሆኑን የምናውቀው ድልድዩ ሲነድድ ነው። ድሮ በጤናው ጊዜ እየሠራን ብንጠብቀው ኖሮ!

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን አልቀረም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ይናገራል። ውርድወት ሸንጎ ላይ የጠየቀችው በመሠረቱ ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ ደርሰናል፤ ሳሎናችን ግን ገና ነው፤ የጎሣ ስም እየጠቀሰ «እነሱን? በሞቴ!» የሚል አባት ዛሬም አለ።

እናንተ የየጆካ ዳኞች፣ የጎርደናና የመስቃን አባቶች፣ ለመስቀል ሁሉም ከያለበት ሀገሩ ሲገባ፣ ከክትፎው ቀጥሎ ለአንድ ጉዳይ ተቀመጡልን። በዘሩ፣ በሙያው ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት የተከለከለ ወጣት ሳይጠፋ በፊት የሚመጣበት ደጅ ይኑር፤ አቤቱታውን የሚሰማ ሽማግሌ በስም ይታወቅ። ውሳኔውም በቂጫው ይግባ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ጠፍቶ የሄደውን ልጅ ችኩል በሉት፤ ያኔ ከእናንተ ጋር እወቅሰዋለሁ።