ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ሕፃን

በፃግብጂ ገጠር ሰንደቅ ዓላማችንን በባለ ቀለም እርሳስ እንዲቀባ የታዘዘ ሕፃን፣ በአረንጓዴው ስፍራ ቀዩን አሳርፎ ከባልንጀሮቹ ሣቅ፣ ከመምህሩም ተግሣጽ ቢደርስበት፣ ጥፋቱ የስንፍና ሳይሆን የተፈጥሮ መሆኑን ማን ይመሰክርለታል? እያልሁ ሰሞኑን አብዝቼ አስባለሁ። ይልቁንም አፉን በኽምጣና የፈታና አማርኛን በኋላ የተማረ እንደ ሆነ፣ ስሕተቱ የቋንቋ ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል።

ነገሩ ግን በአብዛኛው በእናት በኩል ለወንድ ልጅ የሚወረስ የዓይን ጠባይ ነው፤ እናቲቱ ራሷ ኅብረ ቀለማትን አጥርታ እያየች፣ ከአባቷ ወይም ከእናቷ የተቀበለችውን ለልጇ ልታወርስ ትችላለች። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ዳልተን እንኳ የገዛ ዓይኑን ጠባይ መርምሮ በ1794 እ.ኤ.አ. የገለጠው ከጎለመሰ በኋላ ነበር።

ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የነጠብጣብ ሥዕል ይህን በጥቂት ደቂቃ ይለያል፤ አኃዝ ላላወቀ ሕፃንም በጣት የሚከተለው ጠመዝማዛ መሥመር አለው። ከልደት የመጣው ፈውስ ባይገኝለትም፣ በየእርሳሱ ላይ የቀለሙን ስም መጻፍ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከቀይ ይልቅ በነጭ ጠመኔ ማስተማር፣ በካርታውም አውራጃዎቹን በቀለም ብቻ ሳይሆን በሠረዝና በነጥብ መለየት ለመምህሩ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ምርመራውም በመስከረም፣ ተማሪ ሲመዘገብ፣ ቢደረግ እወዳለሁ።