ከልጅ ልጆች ጋር ወደ ሺሺንዳ

ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ የውሽውሽን የሻይ እርሻ ካለፉ በኋላ የምትገኝ ትንሽ የከፋ ከተማ ናት። ወረፋ ተይዞ የሚታይ ነገር የላትም። የእንሰት ጓሮ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና፣ ጠዋት ከኮረብታው ላይ ቶሎ የማይነሣ ጉም፤ በቃ። ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር የምሄድበት ሳፈላልግ የመረጥኳትም ለዚሁ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ቤተሰቦች ብዙ የባሕር ዳርቻ ያላት ጸጥተኛ የግሪክ ደሴት ይመርጡና፣ በየቀኑ ወደ አንዱ ዳርቻ እየወረዱ ሳምንቱን ሳይቸኩሉ ያሳልፉታል። ባሕሩ ባይኖረን አለመቸኮሉ አይከለከለንም፤ አንድ ቀን ደን፣ አንድ ቀን ፏፏቴ፣ አንድ ቀን ምንም።

ያስቸገረን ወሩ ነው። የልጆቹ ረጅም ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን፣ ከፋ ደግሞ በእነዚህ ወራት ዝናብ አይለየውም። ልጆች ጭቃ ይወዳሉ፤ እኔ ግን በዚያ ጭቃ ቁልቁለት ከወረድኩ የሚያወጣኝ ሰው ያስፈልገኛል። ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ፤ መንገዱ ይደርቃል፣ የቡና ለቀማውም ገና አልቆ ወይም ሊያልቅ ሲል ይደረስበታል። እናታቸው «ትምህርታቸውስ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ የግማሽ ዓመቱን ፈተና ተከትላ የምትመጣውን አጭር ዕረፍት ይዘናል። ቀኗ ጥቂት ናት፤ ጉልበቴ ግን እስከ ከርሞ እንዲህ እንደሚሆን ዋስትና የለኝም፣ ልጆቹም ከአያት ጋር መሄድ የሚወዱበት ዕድሜ ቶሎ ያልፋል።

ከአዲስ አበባ ቦንጋ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ይገባል የሚሉ አሉ፤ ሕፃን ለያዘ ግን ጅማ ማደር ይበጃል። አቅም ያለው እስከ ጅማ በአውሮፕላን ሄዶ ቀሪውን በመኪና ይጨርሳል። ማደሪያችን ቦንጋ ነው፤ ሺሺንዳን ደርሶ መልስ እናያታለን።

ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። የባርታ ፏፏቴና በተፈጥሮ የተሠራው «የእግዜር ድልድይ» የእግር መንገድ ስላላቸው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን መደረብ ለእኔ ቢጤ አይሆንም። አንዱን እመርጣለሁ። ልጆቹ «እንዋኛለን ወይ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ፏፏቴው ለማየት ነው፣ ለመዋኘት ላንጋኖ አለላቸው። በምትኩ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ያያሉ።

የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው። ጫካ ውስጥ ያለው ቡና ባለቤት የሌለው ይመስላል እንጂ የሚለቅመው ቤተሰብ አለው። ስለዚህ ያለ አገሬው መሪ አንገባም፣ ቀዩንም ፍሬ አንቀጥፍም። ለቤት የሚሆን ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ከገበያ እንገዛለን፤ ለዚያ የሚሆን ባዶ ጀሪካን ከወዲሁ አጥቤ አስቀምጫለሁ።