ወታደሩ፣ ወታደሯ፣ እርሳቸው

በአማርኛ ስለ አንድ ሰው የሚጽፍ ሁሉ ከግሱ ዘንድ ሲደርስ አንድ ነገር መወሰን ግድ ይሆንበታል፤ «መጣ» ይበል ወይስ «መጣች»? «ወታደር» የሚለው ስም ለብቻው ሲቆም ዝም ይላል፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። «አርበኛ» እና «ታጋይ»ም እንደዚሁ ናቸው። ወታደሩ አንዲት እርምጃ ሲራመድ ግን ግሱ ምስጢሩን ያወጣዋል። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ጠያቂ ነው፤ የእንግዳውን ጾታ ሳያረጋግጥ ምሳ እንኳ አያበላም።

የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነውና ይህን ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ ሳላስበው እመልሰዋለሁ። አንድ ጊዜ ግን ብዕሬ ቆመ። የተሰጠኝ ጽሑፍ ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ተዋጋ፣ ወይም ስለ ተዋጋች፣ አንድ እግረኛ ወታደር የሚተርክ ነበር። በሠራዊቱ መዝገብ የሰፈረው ስም አልበርት ካሺየር ነው፤ በልደት የወጣው ስም ደግሞ ጄኒ ሆጀርስ። «ወታደሩ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ «ወታደሯ» ብዬም ጻፍኩና ሰረዝኩት። በመጨረሻ ከጭንቀቴ ያወጣኝ አንቱታ ነው። «እርሳቸው» ጾታ የለውም፤ «ዘመቱ»፣ «ተዋጉ»፣ «ተጦሩ» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት ግሱ አይናገርም። አማርኛ ይህን ጥያቄ የሚምረው ላከበረው ሰው ብቻ ነው።

ረቂቁን ያነበበው የሥራ ባልደረባዬ ግን አልተቀበለውም። «ይህ ሽሽት ነው» አለኝ። «ወይ ወንድ ነው በይ፣ ወይ ሴት ናት በይ፤ በአንባቢው ላይ የአክብሮት መጋረጃ አትጋርጂበት።» ተቃውሞው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ታሪኩን ልተርክ።

ካሺየር በ1843 በአየርላንድ፣ በላውዝ አውራጃ፣ ክሎገርሄድ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለዱ። በኦገስት 1862፣ በ18 ዓመታቸው፣ በኢሊኖይ ግዛት ቤልቪዴር ከተማ ለ95ኛው የኢሊኖይ እግረኛ ሬጅመንት ተመዘገቡ። በቁመት አጭር፣ በጠባይ ዝምተኛ ነበሩ። ሬጅመንታቸው በ1863 የቪክስበርግን ከተማ ከከበበው ጦር ጋር ተሰልፏል፤ በሦስት ዓመት ውስጥም ወደ 40 ያህል ውጊያዎችን አይቷል። ካሺየር ሦስቱንም ዓመት ፈጽመው በኦገስት 1865 በክብር ተሰናበቱ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ መልሱ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው። የዚያ ዘመን የምልመላ ምርመራ ብዙ ጊዜ ለይስሙላ ነበር። ምልምሉ መራመድ ከቻለ፣ ጣቶቹ ቃታ ለመሳብ ከበቁ፣ የባሩዱን ወረቀት የሚቀድዱ የፊት ጥርሶች ካሉት አለፈ። ወታደር ልብሱን ሳያወልቅ ይተኛል፤ ጢም ያላበቀሉ ጎረምሶች በየሰፈሩ ሞልተዋል፤ ሰፊው የሠራዊት ኮትም የሰውነትን ቅርጽ ይውጣል። በዚያ ጦርነት በወንድ ልብስ የተሰለፉት ሴቶች ወደ 400 እንደሚደርሱ ይገመታል።

ከእነዚህ አንዷ ሣራ ኤድመንድስ ናት። በ1861 ፍራንክ ቶምፕሰን ተብላ ከ2ኛው የሚሺጋን እግረኛ ሬጅመንት ጋር ዘመተች። በ1863 ወባ ሲይዛት ሆስፒታል ብገባ እታወቃለሁ ብላ ከክፍሏ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ቀሚሷን መልሳ ለበሰች፤ የዘመቻ ትዝታዋን በመጽሐፍ አሳተመች፤ አገባች፤ ልጆችም ወለደች። በ1884 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ የቀድሞ ጓዶቿ ከመሰከሩላት በኋላ፣ ጡረታ ፈቀደላት። እርሷን «ዘመተች» ለማለት ብዕሬ አያመነታም፤ ማን እንደ ነበረች በራሷ ቃል ነግራናለችና።

የካሺየር ግን ሌላ ነው። ጦርነቱ አለቀ፤ የሚያሳድዳቸው ጠላት፣ የሚደብቃቸው የጦር ሰፈር አልነበረም። እርሳቸው ሱሪውን አላወለቁም። ሶነሚን በምትባል ትንሽ የኢሊኖይ መንደር ሰፍረው በእርሻ ቀን ሠራተኛነት፣ በቤተ ክርስቲያን ጽዳት፣ የመንገድ ፋኖስ በማብራት ኖሩ። ሴቶች ድምፅ መስጠት በማይችሉበት ዘመን በምርጫ ድምፅ ሰጡ። «ለመዋጋት ብላ ወንድ መሰለች» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ የሚበቃው ለሦስቱ የጦርነት ዓመታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመጡት ዐሥርት ዓመታት አይበቃም።

ወደ አህጉራችን ስንመለስም ተመሳሳይ ሕይወት እናገኛለን። ዶክተር ጄምስ ባሪ በአየርላንድ ኮርክ ከተማ ማርጋሬት ባክሊ ተብለው የተወለዱ ናቸው። በ1812 ከኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው በ1813 ወደ እንግሊዝ ሠራዊት ገቡ። ከ1816 ጀምሮ በኬፕታውን ሲያገለግሉ ለእስረኞችና ለሥጋ ደዌ ሕሙማን አያያዝ ከሹማምንት ጋር ይጣሉ ነበር። በ1826 በዚያው ከተማ የአንዲት እናት ሆድ ከፍተው ልጇን ሲያዋልዱ እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ ሕፃኑም በስማቸው ተጠራ። እስከ ሆስፒታሎች ዋና ኢንስፔክተርነት ማዕረግ ደርሰው በ1865 ለንደን ውስጥ አረፉ። አስከሬናቸውን ያጠበችው ሴት ያየችውን ስታወራ፣ የሞት ማስረጃውን የፈረሙት ሐኪም፣ ዶክተር ባሪ ወንድ ይሁኑ ሴት የእኔ ጉዳይ አይደለም የሚል ይዘት ያለው መልስ ጻፉ። ባሪም እንደ ካሺየር ስለ ውስጣቸው አንድ መስመር አልተዉልንም፤ ሥራቸውን፣ ልብሳቸውንና ስማቸውን ብቻ ተዉልን። እንዲህ ላለው ሰው ከአንቱታ የተሻለ ማረፊያ አላገኘሁም።

በእኛ አገር ልማድም ጦርነት ለሰው ሌላ ስም ይሰጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተብለው በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል፤ በኋለኛው ዘመንም ታጋዮች የሜዳ ስም ነበራቸው። ጀግንነትን ደግሞ አነጋገራችን ወንድ አድርጎታል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፣ ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1936 በጣሊያኖች ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ ተዋግተዋል። ስለ እርሳቸው ዓይነት አርበኞች ሲወራ «ሴት እንዳይመስሉህ፤ ወንድ ነበሩ» ሲባል ስሰማ አድጌአለሁ። በምስጋናው ውስጥ ያለውን ስድብ የሚያስተውል ጥቂት ነው። የፈራ ወንድም «ሴት» ይባላል፤ ስድቡ እዚህ ላይ መጋረጃ እንኳ የለውም። በሌላ በኩል አያቴ፣ እኔ ሴት ልጅ ሆኜ ሳለ፣ ሲያቆላምጡኝ «አንተ» ይሉኝ ነበር፤ ወንድሜንም «አንቺ»። በቤታችን ማንም አልተደናገረም። እንግዲህ የጾታ ቃል በምስጋናም፣ በስድብም፣ በፍቅርም ከአካል ተነጥሎ ሊሄድ እንደሚችል አማርኛ ተናጋሪ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል።

ናይሮቢ በኖርኩባቸው ዓመታት አንዲት የቀድሞ የኤርትራ ታጋይ ጎረቤት ነበሩኝ፤ ልጅነታቸውን በአዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። በ1991 ባበቃው የሠላሳ ዓመት ጦርነት መጨረሻ ከታጋዮቹ ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ትግርኛ «ተጋዳላይ» እና «ተጋዳሊት» ብሎ ይለያቸዋል፤ ቁምጣው፣ የላስቲክ ጫማውና ጠመንጃው ግን አይለዩአቸውም ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ ስለ ልብስ ስናወራ እንዲህ አሉኝ፦ «ሜዳ ሳለሁ ልብሴ ስለ እኔ ምን እንደሚናገር ጠይቄው አላውቅም። ከተማ ስገባ እናቴ ቀሚስ አሰፍታ ጠበቀችኝ። ለብሼው መስተዋት ፊት ስቆም፣ ሌላ ሰው መስዬ የተደበቅሁ የመሰለኝ ያኔ ነው።» እኒህ ሴት ሴትነታቸውን ለአንድ ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። ቢሆንም በሕይወታቸው አስመሳይ ልብስ ሆኖ የተሰማቸው የወታደር ልብስ ሳይሆን ቀሚስ ነበር። ከሜዳ የተመለሱ ብዙ ሴቶች ከተማ ሲገቡ የጠበቃቸው ይኸው ነው፤ የታጠቁትን እኩልነት አውልቀው የድሮውን ወግ እንዲለብሱ መጠየቅ።

መንገዱ በተቃራኒውም ይሄዳል። ክሪስቲን ዮርገንሰን በ1945 ወንድ ተብላ ለአሜሪካ ጦር በግዳጅ ተመለመለች፤ በጽሕፈት ሥራ አገልግላ በ1946 ተሰናበተች። በ1952 በዴንማርክ ሕክምና አድርጋ ሴት ሆና ስትኖር ጋዜጦች በፊት ገጻቸው ያወጡት «የቀድሞ ወታደር» የሚለውን አጉልተው ነበር። ለአንባቢው የሚደንቀው ሰውየው ሴት መሆኑ ብቻ ሳይሆን ወታደር የነበረ መሆኑ ነውና። ጆርጅ ብራውን የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ደግሞ በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ወንድ ተብለው ተወልደው ሴትነት ከሚሰማቸው ታካሚዎቻቸው ብዙዎቹ ወደ ሠራዊቱ የገቡት ያን ስሜት በጠነከረ ወንድነት ለማጥፋት እንደ ነበር ጽፈዋል። «ሽሽት» የሚለውን ቃል የተጠቀሙትም እርሳቸው ናቸው። በእኛም ዘንድ «ወታደር ቤት ይግባና ሰው ይሁን» የተባለ ልጅ ስንት ነው? የገባው ሁሉ ግን የተነገረውን ሰው ሆኖ አይወጣም።

መንግሥታት ለዚህ ጉዳይ የሚሰጡት መልስ እንደ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል። አሜሪካ በተወለዱበት ጾታ የማይኖሩ ወታደሮችን በግልጽ እንዲያገለግሉ በ2016 ፈቀደች፤ በ2019 ገደበች፤ በ2021 ፈቀደች፤ በ2025 እንደገና ከለከለች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጠመንጃውን የተሸከሙት ትከሻዎች አልተለወጡም።

አሁን ወደ ካሺየርና ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። በ1911 መኪና ገጭቷቸው እግራቸው ተሰበረ፤ ያከማቸው ሐኪም ያየውን በልቡ ያዘ። በዚያው ዓመት ክዊንሲ ወዳለው የጡረተኛ ወታደሮች መኖሪያ ገቡ። በ1914 አእምሯቸው እየደከመ ሲሄድ ወደ ዋተርታውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዛወሩ፤ ምስጢሩም ወጥቶ ጋዜጦች ተቀባበሉት። በሆስፒታሉ የ70 ዓመቱን አዛውንት ግድ ብለው ቀሚስ አለበሷቸው፤ ከ50 ዓመት በላይ ለብሰውት የማያውቁትን።

ከዚያ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ መርማሪ ላከ። መንግሥት ለማይገባው ሰው ገንዘብ ሲከፍል ኖሮ እንዳይሆን ማረጋገጥ ነበረበት። ይህን ክፍል በተረጎምኩ ቁጥር የምደነቀው በጥያቄው ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰው ማወቅ የፈለገው ወንድ ናቸው ወይስ ሴት የሚለውን አልነበረም፤ እኒህ በሆስፒታል የተኙት ሰው በ1862 የተመዘገቡት፣ በቪክስበርግ የተሰለፉት ራሳቸው ናቸው ወይ? የሚለውን ነበር። ያረጁት የ95ኛው ሬጅመንት ወታደሮች ተጠሩ። አዎን፣ አብሮን የተዋጋው ካሺየር ይህ ነው ብለው መሰከሩ። ጡረታው ቀጠለ።

ለባልደረባዬ የሰጠሁት መልስም ይህ ነው። አንቱታው መጋረጃ ሳይሆን የእነዚያ ጓዶች ምስክርነት ነው። እነርሱ የመሰከሩት ስላዩት ነገር ነው፤ አብሮ ስለ ተራመደ፣ አብሮ ስለ ተራበ፣ ከተኩስ ፊት ስላልሸሸ ሰው። ሌላም ነገር አለ። በአማርኛ «እኔ» ወንድና ሴት የለውም። «ወታደር ነኝ» የሚል ሰው ጾታውን አይጠየቅም፤ ጥያቄው የሚጀምረው ሌሎች ስለ እርሱ ማውራት ሲጀምሩ ነው። ካሺየር በአማርኛ ራሳቸውን ቢያስተዋውቁ ኖሮ የሚሰርዙት ቃል አይኖራቸውም ነበር። የእኔ ድርሻ ከዚያ «እኔ» እጅግ ሳልርቅ መተርጎም ነው።

ካሺየር በኦክቶበር 1915 ዐረፉ። የወታደር ልብሳቸውን ለብሰው በሙሉ ወታደራዊ ክብር ሶነሚን ተቀበሩ፤ በድንጋዩም ላይ የተቀረጸው አልበርት ካሺየር የሚለው ስምና የሬጅመንታቸው ቁጥር ነበር። በ1970ዎቹ ሁለቱንም ስሞች የያዘ ሌላ ድንጋይ ከጎኑ ቆመ። ባልደረባዬ እስከ ዛሬ ድረስ አልተስማማም፤ በተገናኘን ቁጥር እንከራከራለን። ትርጉሙ ግን በአንቱታው እንዳለ ታትሟል።