የእናት ስም በአሮጌ መዝገብ ውስጥ

ልጃችሁን ትምህርት ቤት ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ጸሐፊው በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምንድን ነው? የልጁን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ነው። የእናቲቱ ስም የሚጠየቀው በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይጠየቅ ይታለፋል። ዘጠኝ ወር ተሸክማ የወለደችው፣ አጥብታ ያሳደገችው እናት ግን ስሜ ከመዝገቡ ቀረ ብላ ስትከራከር እምብዛም አትታይም። ዋናው የልጄ መማር ነው ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ውድ አንባቢያን፣ የእናት ማንነት በመዝገብ መስፈሩና አለመስፈሩ ልጅን ነጻ ሰው ወይም የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት ያደረገበት አገርና ዘመን ነበር። ዛሬ ወደዚያ አገር በአሳብ እንጓዛለን። የምንከተለውም የአንድ ቤተሰብ ዱካ ነው። ይህ ቤተሰብ አሜሪካ የሚባል መንግሥት ከመቋቋሙ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በዚያ ምድር ጎጆ የቀለሰው የአንቶኒና የሜሪ ጆንሰን ጥቁር ቤተሰብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በውኃ ላይ የተዘረጋው መንገድ

ጉዟችን የሚጀምረው በቨርጂኒያ ግዛት ከአትላንቲክ ጠረፍ ላይ ነው። ከደቡብ ተነስቶ ቼሳፒክ የተባለውን ባሕረ ሰላጤ የሚያቋርጥ፣ በ1964 ለመኪና የተከፈተ፣ 28 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ድልድይ አለ። መርከቦች እንዲያልፉ ሲባል መንገዱ ሁለት ጊዜ ከባሕሩ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ይገባና ተመልሶ ይወጣል። ድልድዩን የጨረሰ መንገደኛ በግራም በቀኝም ውኃ ወደከበበው፣ ተራራ ወደሌለበት ለጥ ያለ መሬት ይደርሳል። የአገሩ ሰዎች ኢስተርን ሾር፣ ማለትም የምሥራቁ ዳርቻ ይሉታል። ዛሬ አኩሪ አተር፣ በቆሎና ድንች የሚመረትበት ይህ መሬት በዚያ ዘመን ሁሉ ነገሩ ትምባሆ ነበር። ደመወዝም፣ ዕዳም፣ ግብርም የሚከፈለው በትምባሆ ነበር።

ወደ ሰሜን ጥቂት እንደተጓዝን ኢስትቪል የተባለች ትንሽ ከተማ እናገኛለን። የኖርዝሃምፕተን አውራጃ መቀመጫ ናት። አደባባይዋ ላይ ቆየት ያለ የጡብ ፍርድ ቤትና ባለዕዳዎች ይታሰሩበት የነበረ ጠባብ ቤት ቆመዋል። የከተማይቱ ዋነኛ ሀብት ግን ሕንጻዎቿ አይደሉም። ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ የተያዘው የአውራጃው የፍርድ ቤት መዝገብ እዚህ ይገኛል፤ በአሜሪካ ውስጥ ሳይቋረጡ ከቆዩት የአውራጃ መዝገቦችም ቀዳሚው እርሱ ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት የብዙ የቨርጂኒያ አውራጃዎች መዛግብት ተቃጥለዋል። ለጥንቃቄ ተብለው ወደ ዋናው ከተማ ወደ ሪችመንድ ከተላኩትም ውስጥ ከተማይቱ በ1865 ስትነድ አብረው አመድ የሆኑ አሉ። የምሥራቁ ዳርቻ መዝገብ ግን ተርፏል። ዛሬ ስለ አንድ ጥቁር ቤተሰብ ልንነጋገር የቻልነው ያ መዝገብ በመትረፉ ነው።

ሁለት መስመር ጽሑፍ

የቤተሰቡ የመጀመሪያ ዱካ ከዚህ መዝገብም ይቀድማል። በ1625 መጀመሪያ የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ሕዝቡን ቆጥረው ነበር። በጄምስ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ ቤኔት የተባለ ባለሀብት ከነበረው የትምባሆ እርሻ ዘንድ የተጻፉት ሁለት መስመሮች እንዲህ የሚል ፍሬ ነገር አላቸው፦ አንቶኒዮ የሚባል ጥቁር፣ በ1621 ጄምስ በተባለች መርከብ የመጣ፤ ሜሪ የምትባል ጥቁር ሴት፣ በ1622 ማርጋሬትና ጆን በተባለች መርከብ የመጣች። ይኸው ብቻ ነው። እናታቸው ማን እንደነበረች፣ ከየትኛው መንደር እንደተወሰዱ አንድ ቃል አልሰፈረም። ነጩ ሠራተኛ በስሙና በአባት ስሙ ሲጻፍ እነርሱ በቀለማቸው ተጻፉ።

አንቶኒዮ ለቆጠራው መድረሱ ራሱ ዕጣ ነበር። መሬታቸው እየተነጠቀ የተማረሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች መጋቢት 22 ቀን 1622 በሰፋሪዎች ላይ ተነስተው 347 ሰዎች ገድለዋል። በቤኔት እርሻ ብቻ ከ50 በላይ ሲያልቁ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ እርሱ ነበር። ሜሪ በዚያው ዓመት መጣች፤ ተጋቡ፤ አራት ልጆችም አፈሩ። ነጻነታቸውን በምን መንገድ እንዳገኙ የሚያስረዳ ወረቀት የለም። ነገር ግን ባልየው በኋላ በእንግሊዝኛ አንቶኒ ጆንሰን ተብሎ ነጻ ሰው፣ ባለከብትና ባለመሬት ሆኖ በመዝገቡ ላይ ብቅ ይላል።

በዚያ ዘመን በቨርጂኒያ ሕግ ሠራተኛ በራሱ ወጪ ባሕር አሻግሮ ላመጣ ሰው በእያንዳንዱ ነፍስ 50 ኤከር መሬት ይሰጠው ነበር። አንቶኒ በ1651 በአምስት ሰዎች ስም 250 ኤከር ተረከበ፤ በእኛ ልኬት ሁለት ጋሻ ተኩል ያህል መሆኑ ነው። በ1652 ልጁ ጆን 550 ኤከር፣ በ1654 ሌላው ልጁ ሪቻርድ 100 ኤከር አገኙ። ባዶ እጃቸውን ከመርከብ የወረዱት ባልና ሚስት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ልጆቻቸውን በጎረቤትነት ዙሪያቸው አሰፈሩ።

የሜሪና የሴት ልጆቿ ግብር

አሁን እናቶች ልብ ልትሉት ወደሚገባው ገጽ ደረስን። በ1643 የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ዕድሜዋ 16 የሞላ ጥቁር ሴት እንደ ወንድ ሠራተኛ ግብር ይከፈልባት የሚል ነበር። የነጭ ሚስትና ሴት ልጅ ግን ከግብር ነጻ ነበሩ። የዚህ ሕግ ትርጉም ቀላል ነው። ነጯ ሴት የቤት እመቤት፣ ጥቁሯ ሴት ግን የእርሻ ጉልበት ተደርጋ ተቆጠረች። ነጻ ጥቁር ሰው ሚስት ሲያገባ ግብር ያገባል፤ ሴት ልጅ ሲያሳድግም ግብር ያሳድጋል ማለት ነው።

በ1653 መጀመሪያ የጆንሰኖችን እርሻ እሳት በላው። ቤተሰቡም አቤቱታውን ይዞ ወደ ፍርድ ቤቱ ቀረበ። ዳኞቹ ባልና ሚስቱ በአገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ መኖራቸውን፣ በድካማቸውና በአገልግሎታቸውም የታወቁ መሆናቸውን መስክረው፣ ሜሪና ሁለት ሴት ልጆቿ ዕድሜ ልካቸውን ከግብር ነጻ እንዲሆኑ ወሰኑ። ይህ ውሳኔ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጎረቤት ዘንድ የተከበረ ስም ዋጋ ነበር። እነዚያ ሦስት ሴቶች ቢያንስ በዚያ ገጽ ላይ ከነጭ ጎረቤቶቻቸው ጋር እኩል ቆመዋል።

ይሁን እንጂ የዘር ሐረግ ሲፈለግ የሚገኘው ሁሉ የሚያኮራ አይደለምና፣ ከዚያው መዝገብ የሚያሳዝነውን ገጽም መዝለል አይገባም። ጆንሰኖች ጆን ካሶር የሚባል ጥቁር ሠራተኛ ነበራቸው። ካሶር ለሰባት ወይም ለስምንት ዓመት በውል የገባሁ ነኝ፤ ጊዜዬ አልፏል ብሎ ከሰሰ። መዝገቡ እንደሚለው አንቶኒን ልቀቀው ብለው የመከሩት ሚስቱ ሜሪ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹና አማቹ ናቸው፤ እርሱም ለቀቀው። በኋላ ግን ተጸጽቶ፣ ሠራተኛዬን ወሰደብኝ ሲል ሮበርት ፓርከር የተባለውን ነጭ ጎረቤቱን ከሰሰ። በመጋቢት 1655 ፍርድ ቤቱ ካሶር ለአንቶኒ ይመለስ ሲል ፈረደ፤ ካሶርም ዕድሜ ልኩን ባሪያ ሆኖ ቀረ። በጭቆና ሥርዓት ውስጥ የኖረ ሰው ራሱ ጭቆናውን በሌላው ላይ ሊጭን እንደሚችል ይህ ገጽ ያሳየናል። የሜሪ ምክር ምነው በጸና ኖሮ ያሰኛል።

ልጅ የእናቱን ዕጣ እንዲይዝ

በእንግሊዝ አገር ወግ ልጅ የአባቱን ስምና ደረጃ ይወርስ ነበር። በታኅሣሥ 1662 የቨርጂኒያ ምክር ቤት ይህን ገለበጠው። የጥቁር ሴት ልጅ ነጻ ወይም ባሪያ የሚሆነው በእናቱ ሁኔታ ነው ብሎ ደነገገ። ሕጉ እናትን ለማክበር የወጣ አልነበረም። ጌታው ራሱ ከባሪያው ሴት ቢወልድ እንኳ ልጁ በሀብትነት እንዲቆጠርለት፣ የሴቲቱ ማኅፀን የባለሀብቱን ንብረት እንዲያበዛ የታሰበ ነበር።

ዳሩ ግን ይኸው የግፍ ሕግ ሳያስበው ለነጻ እናት ስም ትልቅ ኃይል ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ነጻ ነኝ የሚል ሰው ማሳየት ያለበት እናቱ፣ የእናቱ እናት ወይም ከዚያም በላይ ያለችው ሴት ነጻ እንደነበረች ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰዎች በቅድመ አያታቸው ስም ፍርድ ቤት ቆመው ነጻነታቸውን አስመልሰዋል። ከ1793 ጀምሮም ቨርጂኒያ ነጻ ጥቁሮችን በመዝገብ እያሰፈረች ቁመታቸውን፣ መልካቸውንና የሰውነታቸውን ጠባሳ እየጻፈች ወረቀት ትሰጣቸው ነበር። የአሜሪካ ጥቁር ቤተሰቦች ዛሬ ዘራቸውን ሲፈልጉ የሚያገላብጡት ይህንኑ ሁሉ ነው። ባሪያ የነበሩት ወገኖች ልጆች ግን ከባድ ግድግዳ ይገጥማቸዋል። በ1850ና በ1860 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ባሮች በጌታቸው ስም ሥር ዕድሜ፣ ጾታና ቀለም ብቻ ሆነው ነው በብዛት የተጻፉት። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ነጻ ከወጡ በኋላ በ1870 ነው።

አንጎላ የምትባል ማሳ

ጆንሰኖች ሕጉ እየጠበበ መሄዱን አይተው ይሁን ወይም የተሻለ መሬት ፈልገው፣ በ1665 ገደማ ከብታቸውን ነድተው ወደ ሰሜን፣ ዛሬ በሜሪላንድ ሶመርሴት ወደሚባለው አውራጃ ተሻገሩ። ካሶርም አብሯቸው ሄደ። 300 ኤከር መሬት ተከራይተው የቶኒ የወይን ቦታ የሚል ስም አወጡለት። አንቶኒ በዚያ አረጀ፤ በ1670ም ሞተ።

ሬሳው አፈር ከቀመሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ 1670፣ በቨርጂኒያ አንድ ጉባኤ ተሰይሞ፣ ሟቹ ለልጁ ለሪቻርድ ትቶት የሄደው 50 ኤከር ወደ መንግሥት ይመለስ ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም አንቶኒ ጥቁር ነውና ባዕድ ነው የሚል ነበር። መሬቱም ለነጭ ጎረቤት ተላለፈ። እንግዲህ ሁለቱን ገጾች አስተያዩ። በ1653 ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ፣ በድካማቸው የታወቁ የተባሉት ሰዎች፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ ባዕድ ተባሉ። የተለወጡት እነርሱ አይደሉም፤ ሥርዓቱ ነው።

ሜሪ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ባሏ የተከራየውን የሜሪላንዱን መሬት ለ99 ዓመት በሚዘልቅ ውል አጸናች። በ1672 ደግሞ ጉዳይዋን ለልጇ ለጆን ወክላ፣ ለሦስት የልጅ ልጆቿ ከብት መደበችላቸው። ከመርከብ ስትወርድ ያለ አባት ስም የተጻፈች ሴት፣ በስተርጅና ዘመኗ ለልጅ ልጆቿ ሀብት የምታወርስ አያት ሆና ተጻፈች።

በ1677 የልጅ ልጇ ጆን 44 ኤከር ገዛ። ለዚያች ትንሽ ማሳ ያወጣላት ስም አንጎላ ነው። ከ1619 ጀምሮ ወደ ቨርጂኒያ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ብዙዎቹ የተወሰዱት ከዚያ አገር ነው። ያ ወጣት አፍሪካን አይቶ አያውቅም። ስሙን ከማን ሰማው? መዝገቡ አይነግረንም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር በማታ እሳት ዳር ለልጅ የሚነግር ማን እንደሆነ እናቶች ታውቃላችሁ። ጆን በ1706 ወራሽ ሳይተው ሞተ፤ ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ ዱካ በመዝገቡ ላይ እየሳሳ ይሄዳል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከዚህ ጉዞ ስንመለስ ምን ይዘን እንምጣ? እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ጋብቻ ሲታሰብም ዝምድና እንዳይኖር እንጠያየቃለን። ነገር ግን ብዙ ልጆቻችን የአባታቸውን አያት ስም ሲያውቁ የእናታቸውን እናት ስም እማማ ከማለት በስተቀር አያውቁትም። የከተማ ኑሮ ዘመድን አራርቋል፤ ሽማግሌዎቻችንም በየዓመቱ ይለዩናል።

እንግዲህ በመጪው እሑድ ከሥራ ፋታ ስታገኙ አንድ ደብተር ግዙ። አያት በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቁ፦ እናትዎ ማን ይባሉ ነበር? የት ተወለዱ? ከየት ወደ የት ሄዱ? ለምን ሄዱ? ሴቶቹንም ወንዶቹንም በሙሉ ስማቸው ጻፉ። የሚያሳፍር ነገር ብታገኙም አትደልዙት። ቡና ሲፈላ ልጆቻችሁ ይስሙት፤ መጻፍ የቻለውም ራሱ ይጻፍ። የልደት ወረቀትና የጋብቻ ውል ካላችሁ በአንድ ኤንቨሎፕ አኑሩት።

ሜሪ ጆንሰን የራሷን እናት ስም የሚጽፍላት አላገኘችም። የእናንተን እናት ስም ግን ዛሬ ልትጽፉት ትችላላችሁ።