ያነሳኋት እጅ

በ1998 መስከረም መጨረሻ፣ ሰው በሞላበት አንድ አዳራሽ ውስጥ እጄን አወጣሁ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ በ1997ቱ ምርጫ የተወዳደረው ተቃዋሚው ቅንጅት ፓርላማ ይግባ ወይስ አይግባ? ወንበር ያጣው ሰው ግድግዳ ታክኮ ቆሟል። ከፊት ረድፍ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «ልጆቼ፣ የሰጧችሁን ያዙና ቀሪውን ከውስጥ ሆናችሁ ጠይቁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ...» ሲሉ ፉጨት ተነሣ። ተረቱን አላስጨረስናቸውም። ካፏጩት አንዱ እኔ ነኝ። ቀጥሎ «አይገቡም!» ብዬ ሁለት ጣቴን ቀስሬ አወጣሁ። በዚያ ሰሞን እጅ የሚወጣው በቅንጅት ምልክት፣ በሁለት ጣት ነበር።

የብብታችን ምን ነበር? የአዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበሮች፣ 23ቱም። ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱ። ከተማዋ እንዳለች፣ ከነውሃዋ፣ ከነመንገዷ፣ ከነቀበሌ ማኅተሟ ማለት ነው። በፓርላማውም ከ547 ወንበር ለቅንጅት ብቻ ከመቶ በላይ ተቆጥሮለት ነበር፤ ቀድሞ በነበረው ምክር ቤት የተቃዋሚው ቁጥር ከጣት ብዙም አይዘልም ነበር።

ምክንያት አልነበረንም አልልም። ድምፃችን ተሰርቋል ብለው በሰኔ አደባባይ የወጡ ልጆች በጥይት ወድቀዋል። ተሰናባቹ ፓርላማም ከመበተኑ በፊት አጀንዳ የማስያዣውን ደንብ አጥብቆ ነው የሄደው። መግባት ለማጨብጨብ መስሎን ነበር። ትተነው የወጣነው ወንበር ግን አብሮን አይወጣም፤ እዚያው ይቀራል፣ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ይኼን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ጥቅምት መጣ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከተማዋ ታመሰች። በሰኔና በጥቅምት የተገደሉት ሲቪሎች 193 መሆናቸውን ያጣሩት ሰዎች በኋላ ተናገሩ። ያ ደም የተኳሹ ዕዳ ነው፤ ከእኔ እጅ ጋር አላምታታውም። የእኔ ዕዳ ሌላ ነው። እኛ ያሸነፍነው ማዘጋጃ ቤት ማንም ላልመረጠው ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠ፤ እኔም በቸርችል ጎዳና በታክሲ ሽቅብ ስወጣ ሕንፃውን ላለማየት ወደ ሌላ አዞር ጀመር።

በ2001 ለሥልጠና አክራ ሄድኩ። ጋና ውስጥ ምርጫ ካለቀ ጥቂት ወራት ነው፤ ገዥው ፓርቲ 40 ሺህ ገደማ በሆነ የድምፅ ልዩነት ተሸንፎ ሥልጣኑን አስረክቧል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ የተሸናፊው ፓርቲ ደጋፊ። ማታ ማታ ኬንኬ ያቀርቡልኛል፤ የበቆሎ ሊጥ ነው፣ በበቆሎው ልባስ ተጠቅልሎ የተቀቀለ፣ እንደ ቆጮ ጎምዘዝ ይላል። አንድ ማታ፣ ምን እንዳኮራኝ እንጃ፣ «እኛ አንገባም አልናቸው» ብዬ ታሪኩን አወራኋቸው። ዓሣቸውን ከእሾህ እየለዩ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እኛም አድርገነዋል» አሉ። «በፈረንጆቹ 1992፣ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ተጭበረበረ ብለን ከፓርላማው ምርጫ ቀረን። ከ200 ወንበር 189ኙን የፕሬዚዳንት ሮውሊንግስ ፓርቲ ወሰደው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አራት ዓመት በር ላይ ቆመን አየን። በ1996 ገባን፤ 60 ገደማ ሆነን። በጀት ማገላበጥ እዚያ ለመድን። በ2000 የእኛው ዕጩ ኩፉር አሸነፈ።» እጃቸውን ታጠቡና ቀና ብለው አዩኝ። «የእናንተ ሁለተኛው መቼ ነው?»

«የሚመጣው ዓመት» አልኳቸው።

መጣም። በእኛ አቆጣጠር በ2002 ከ547ቱ ወንበር ተቃዋሚ ፓርቲዎች ያገኙት አንድ ነው። በ2007 እሷም የለች። ጋና ጋና ናት፣ ሮውሊንግስም የእኛ ሰው አይደሉም፤ ገብተን ቢሆን እዚያ እንደርስ ነበር ብዬ አልምልም። ምናልባት ያው እንታሰር ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኼው ምናልባት ነው፤ አልሞከርነውም።

እናቴ በ1997ቱ ምርጫ ዕለት፣ ግንቦት 7፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ወጥታ ተሰለፈች፤ ድምፅ ሰጥታ ስትመለስ ቀትር አልፎ ነበር። እግሯ አብጧል፤ ግን ሳቋ አልቆም አለ። ፓርላማው በተከፈተ ሰሞን ቡና እያፈላች «ያ የመረጥኩት ልጅ ሥራ ገባ?» አለችኝ። ሳቅሁባት። «እማዬ፣ ፖለቲካ እኮ እንደዚያ አይደለም።» ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «ታዲያ ለምንድን ነው የላክሁት?» አለች። መልስ ነበረኝ፤ ረጅም መልስ። ሲኒዋን እያጠበች እስክጨርስ ጠበቀችኝና ሌላ ነገር አነሳች።

ካረፈች በኋላ ሣጥኗን ስከፍት የዚያ ዕጩ ፎቶ ያለበት የቅስቀሳ ወረቀት ታጥፎ አገኘሁ፤ ሁለቱ ጣቶች ደብዝዘዋል። ከዕድር ደብተሯ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልላዋለች። ደብተሩን ገለጥኩት። አንድም ወር አልቀረችም።