የጮቄ ሒሳብ

እናቴ የተወለደችው ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። «አንድ ቀን ውሰደኝ» ካለችኝ ቆየች። እንግዲህ ሒሳቡን ከደብተሬ ላካፍላችሁ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 600። የወንድሜ አሮጌ ሚኒባስ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ይጠጣል፤ 72 ሊትር መሆኑ ነው። ዳሩ ግን ይህ የሜዳ ሒሳብ ነው! በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይ በረሃ አለ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ መውጣት። ስለዚህ 20 ሊትር ጨመርኩ። ከነዳጁም በላይ የጻፍኩት የፍሬን ሸራ ነው፤ ያን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር መሪውን ለሌላ ይልቀቅ።

የኋላ ወንበሮቹን አውጥተን ፍራሽ እናነጥፋለን። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ጋቢ። ስለ ስንቁ አልተጨነቅኩም፤ እናቴ አለች።

ዋጋ ያልቆረጥኩለት አንድ ነገር ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የመንገዱን ወሬ የምጠይቀው ሾፌሮችን ነው። «ዛሬ ክፍት ነው» ይሉኛል፤ ስለ ነገ አይናገሩም።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። የመንገዱ በሶ ተፈጭቶ በጣሳ ተቀምጧል፤ በየሦስት ወሩ ትቀይረዋለች።