ጠዋት የሚነክስ ውኃ

የሰባት ዓመቷ ልጅ መጀመሪያ የተናገረችው «ነዘረኝ» የሚል ቃል አልነበረም። «አባዬ፣ ውኃው ይነክሳል» ነው ያለችው። በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በአንድ አሮጌ አፓርታማ ሳሎን ውስጥ 280 ሊትር ያህል የጨው ውኃ የያዘ አኳሪየም ተቀምጧል። ልጅቱ በየማለዳው ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት በአንድ እጇ የመብራቱን የብረት ሽፋን ተደግፋ በሌላው ለዓሦቹ ምግብ ትሰጣለች። ያን ሰሞን ድመት የቧጨራት ጣቷ ገና አልዳነም ነበር። አባቷ ከአዲስ አበባ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ጨው ቁስል ሲነካ ማቃጠሉ የታወቀ ስለሆነ ነገሩን በዚያው ተረጎመው።

ቢሆንም ማታ ከሥራ ሲመለስ ሳያጣራ አላለፈም። እጁን እስከ አንጓው ነከረ፤ ምንም አልተሰማውም። የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ሌላውን እጁን ኪሱ ከትቶ ስለቆመ፣ ኮረንቲ ቢኖር እንኳ በአካሉ አልፎ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አልነበረውም። ቀጥሎ መልቲሜትር አመጣ። አንዱን ጫፍ ከሶኬቱ የኧርዝ ቀዳዳ፣ ሌላውን ከውኃው አገናኝቶ የተለዋዋጭ ኮረንቲ ቮልቴጅ ሲለካ መሣሪያው ከዜሮ እምብዛም የማይለይ ቁጥር አሳየው። ልጁን ጠርቶ «አየሽ? ምንም የለም» አላት። እሷም «ጠዋት ነው እኮ የሚነክሰው» ብላ መለሰች፤ አባትየው ይህን የልጅ ጨዋታ አድርጎ ቆጠረው። እስከዚያ ቀን በጉዳዩ ላይ ከተነገረው ሁሉ ለምርመራ የሚረዳ መረጃ የያዘው ግን ይኸው የልጅቱ መልስ ነበር።

ያ ዜሮ ራሱ ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር። ብዙ መሣሪያ የተነከረበትና ጉድለት የሌለበት አኳሪየም እንዲህ ያለ ንጹሕ ዜሮ ብዙ ጊዜ አያሳይም። የፓምፖቹ ጥቅል ሽቦና የኤሌክትሪክ ገመዶቹ በፕላስቲክና በሙጫ ቢሸፈኑም፣ ሽፋኑን በመካከል አድርገው ሽቦውና ውኃው የካፓሲተር ሁለት ገጾች ይሆናሉ። የመሣሪያዎቹ ድምር ካፓሲታንስ 100 ፒኮፋራድ ነው ቢባል፣ በ60 ኸርዝ ኢምፒዳንሱ 26.5 ሜጋኦም ያህል ይሆናል። የተለመደ ዲጂታል መልቲሜትር የውስጥ ቅዋሜ ደግሞ 10 ሜጋኦም ነው። ሁለቱ በተከታታይ ሲገናኙ ከ120 ቮልት ውስጥ 42 ያህሉ በመልቲሜትሩ ላይ ያርፋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ከጀርባው ያለው ኮረንቲ ግን 5 ማይክሮአምፔር አይሞላም። ሰው ኮረንቲ መሰማት የሚጀምረው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊአምፔር ላይ ነው፤ ይህም ቢያንስ የመቶ እጥፍ ልዩነት ነው። በኢትዮጵያ፣ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ፣ ያው ካፓሲታንስ 66 ቮልት ያህል ያስነብባል፤ ኮረንቲው ግን እዚያም 7 ማይክሮአምፔር ግድም ነው። ስለዚህ የአኳሪየም ባለቤቶች አብዝተው የሚጠይቁት «ውኃዬ ስንት ቮልት አለው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ ቢያገኝም ብዙ አይጠቅምም። ከቮልቴጁ ጀርባ ምን ያህል ኮረንቲ ሊወጣ እንደሚችል አብሮ መታወቅ አለበት።

በሳምንቱ መጨረሻ ልጅቱ ጮኸች። እጇን ስትመነጭቅ የምግቡ ብልቃጥ ከእጇ ወደቀ። ማለዳ ነበር፤ ቤቱም ቀዝቅዞ አድሯል። አባትየው እዚያው ለካ፤ 58 ቮልት አገኘ። ያለመናገሩ እንጂ የደነገጠው ከቁጥሩ ይልቅ ልጁን ሳያምናት በመቅረቱ ነበር። በዚያው ቀን ከዓሣ መሸጫ ሱቅ የቲታኒየም ዘንግ ገዝቶ መጣ። ዘንጉ ውኃው ውስጥ ይጠልቅና ሽቦው ከሶኬቱ ኧርዝ ጋር ይገናኛል፤ ቲታኒየም የሚመረጠው የጨው ውኃ ስለማይበላው ነው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ፤ ልጅቱንም ውኃው መንከሱን ተወ። ሁለት ወር ያህል በዚህ ሁኔታ አለፈ።

ለትንሣኤ በዓል ከተጋበዙት እንግዶች አንዱ በአገር ቤትም በአሜሪካም ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። አባትየው ያደረገውን ነገራቸውና ዘንጉን አሳያቸው። እርሳቸው ግን ዘንጉን ትተው ሶኬቱን ተመለከቱ።

«ይህ ሶኬት ራሱ ያቋርጣል?»

«አያቋርጥም፣ ጋሼ። ተራ ሶኬት ነው።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ቀዳዳውን አልደፈንከውም። ቦይ ነው የቆፈርክለት።»

በዘንጉና በኧርዙ መካከል ሚሊአምፔር የሚለካ መሣሪያ አስገቡ። ዜሮ አነበበ። አባትየው ፈገግ ሊል ሲል ሽማግሌው የውኃ ማሞቂያውን ቴርሞስታት ከፍ አደረጉት። የማሞቂያው ቀይ መብራት ስትበራ መለኪያው 7 ሚሊአምፔር አሳየ። ዝቅ ሲያደርጉት መብራቷ ጠፋች፤ ቁጥሩም ተመለሰ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ዶሮው በጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ይጠብቃቸው ነበር።

ማሞቂያው ነቅሎ ሲታይ በመስታወት ቱቦው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘበት። መንስኤውን ማግኘት አልከበደም። አባትየው ክረምቱ ሲገባ ውኃ ሲቀይር ስፒናውን ሳይነቅል ቀርቶ ነበር። ውኃው ሲጎድል ቱቦው በአየር ላይ ጋለ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲደርስበት ተሰነጠቀ። ስንጥቁ የሚገኘው በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ አጋማሽ አካባቢ በመሆኑ ውኃው የነካው የ120 ቮልቱን ግማሽ ያህል ነው፤ 58 የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። ማታ ማታ ሳሎኑ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ የፌዙን መስመር ያቋርጣል። ያን ጊዜ ጥቅል ሽቦው ከኒውትራሉ ጋር ብቻ እንደተገናኘ ይቀራል፤ ኒውትራሉ ደግሞ ከሕንፃው ዋና ማከፋፈያ ላይ ከመሬት ጋር ታስሯል። እንግዲህ ያን ማታ ውኃውን ዜሮ ያስነበበው ስንጥቁ ራሱ ነበር። አባትየው ለልጁ የደኅንነት ማስረጃ አድርጎ ያሳያት ቁጥር የብልሽቱ ምልክት ነበር ማለት ነው።

7 ሚሊአምፔር ትንሽ ይመስላል፤ ባለ15 አምፔር የቤት ብሬከር ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ እጥፍ ካልሆነበት በቀር አያየውም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚኤል በበጎ ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አንድ ሰው የጨበጠውን ሽቦ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚያቅተው በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፔር ገደማ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። ለሕፃናት ገደቡ ከዚህ ያነሰ እንደሚሆን ይታመናል። እኚሁ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ፈጠራ ላይ የተመሠረተው የአሜሪካ አቋራጭ ሶኬት በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ኮረንቲ ያነጻጽራል። ልዩነቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር ሲደርስ መስመሩን ይቆርጣል። በአውሮፓ ቤቶች የተለመደው ገደብ 30 ሚሊአምፔር ነው።

የቲታኒየም ዘንግ ብቻውን ይህን አያደርግም። ኮረንቲውን ከልጅቱ ጣት ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ብልሽቱ ግን ሳይታይ ቀን ከሌሊት ይቀጥላል። ከዚህም የከፋ ነገር ያመጣል፤ ውኃውን በሙሉ ከመሬት ጋር አጥብቆ ያስረዋል። ከላይ ያለው መብራት ኧርዙ ተቆርጦ የብረት ሽፋኑ ፌዝ ቢይዝ፣ አንድ እጇን በሽፋኑ ላይ ሌላውን በውኃው ውስጥ ያደረገች ልጅ ለኮረንቲው የተመቻቸ ድልድይ ትሆናለች። ልጅቱ ሁልጊዜ የምትቆመው ደግሞ በዚሁ አኳኋን ነበር። ከአቋራጭ ሶኬት ጋር ሲሆን ግን ዘንጉ ጠቃሚ ነው፤ ማሞቂያው በተሰነጠቀበት ሰዓት ሶኬቱን የሰው እጅ ሳይጠብቅ ያስቆርጠዋልና። ሽማግሌው በማዕድ ላይ ሳሉ አንድ ነገር ጨመሩ፦ በአሮጌ ቤቶች የሶኬቱ የኧርዝ ቀዳዳ ከጀርባው ሽቦ ላይኖረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ከምንም ጋር ያልታሰረ ብረት ነው። አቋራጩ ግን ሁለቱን መስመሮች ብቻ ስለሚያነጻጽር ኧርዝ ባይኖርም በሰው ላይ የሚፈሰውን ያያል። ኧርዝ የሌለው መለወጫ ስፒና በየቤቱ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ልብ ይለዋል።

ልጅቱ የምትጨነቀው ለሌላ ጉዳይ ነበር። «ዓሦቹንስ አይነዝራቸውም?» አለች። መልሱ በስሌት ይገኛል። የባሕር ውኃ ኮንዳክቲቪቲ በሜትር 5 ሲመንስ ያህል ነው። 7 ሚሊአምፔር 0.225 ካሬ ሜትር በሆነ የአኳሪየሙ ቁመታዊ ገጽ ላይ ተሠራጭቶ ቢፈስ፣ የሚፈጥረው ልዩነት በሜትር 6 ሚሊቮልት ነው፤ አሥር ሴንቲሜትር በምትረዝም ዓሣ ራስና ጭራ መካከል ከአንድ ሚሊቮልት ያነሰ። ዓሣዋ በውኃው ውስጥ ሳለች በአንድ ሽቦ ላይ እንዳረፈች ወፍ ናት። በአኳሪየም ወዳጆች ዘንድ የዓሦች የራስና የጎን መስመር መሸርሸር የኮረንቲ ውጤት ነው የሚል እምነት ቢኖርም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ በውቅያኖስ ሰርጀን ዓሣ ላይ ይህንኑ በሽታ ያስከተለው በማጣሪያ ውስጥ የሚገባ የከሰል ዓይነት መሆኑን አሳይቷል። አባትየው ለልጁ የነገራት ግን የወፏን ብቻ ነው።

ማሞቂያው ተለወጠ። አቋራጭ ሶኬት ሁለት ሆኖ ተተከለ፤ አንዱ ቢቆርጥ በሌላው ላይ ያለው ፓምፕ ውኃውን እያንቀሳቀሰ ዓሦቹን ከመታፈን እንዲያተርፍ ነው። ገመዶቹም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው እንዲንጠለጠሉ ተደረገ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ።

በመጨረሻ አባትየው ለሙከራ ዘንጉን ከውኃው አውጥቶ ማሞቂያው በርቶ ሳለ እንደገና ለካ። ልጅቱ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፤ 41። በመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች መካከል የ100 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲያደርግ ቁጥሩ ከግማሽ ቮልት በታች ወደቀ። ሬዚስተሩን ሲያነሣ 41 ተመልሶ መጣ። ዘንጉን ወደ ቦታው መልሶ መልቲሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ልጅቱም የምግቡን ብልቃጥ አነሣች።